ቫይታሚን ዲን ከመድኃኒቴ ጎን እንዴት እንደወሰድኩና ምን እንደተማርኩ

ሩማቶይድ አርትራይተስ፣ ማለትም የሰውነት የበሽታ መከላከያ ሥርዓት የገዛ መገጣጠሚያውን እንደ ባዕድ ቆጥሮ የሚያጠቃበት ሕመም እንዳለብኝ በምርመራ ከተረጋገጠ በኋላ፣ ከሕመሙ ባልተናነሰ ያስጨነቀኝ የምክሩ ብዛት ነበር። ከምክሮቹ ሁሉ አብዝቶ የሚነሳው ቫይታሚን ዲ ነው፤ አንዳንዶች በከፍተኛ መጠን የወሰደው ሰው ሌላ መድኃኒት አያስፈልገውም እስከ ማለት ይደርሳሉ። እኔ የጀመርኩት የመከላከያ ሥርዓቱን የሚያረጋጋውን የሕመሙን መድኃኒት ሜቶትሬክሴትን ሳላቋርጥ፣ በደም ምርመራ እየተመራሁ ነው፤ ዛሬም የምወስደው በዚሁ መንገድ ነው። ተመሳሳይ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ተስፋውንና ገደቡን አብረው እንዲያዩ ከልብ ስለምፈልግ የሆነውን እንዳለ እጽፋለሁ።

ተስፋው መሠረት የሌለው አይደለም። ቫይታሚን ዲ ስሙ ቫይታሚን ይሁን እንጂ ሥራው የሆርሞን ነው። ቆዳችን በፀሐይ ብርሃን የሚሠራው ወይም በአፍ የምንወስደው ቫይታሚን መጀመሪያ በጉበት፣ ቀጥሎም በዋናነት በኩላሊት ከተለወጠ በኋላ ነው ሥራውን የሚጀምረው። ቲ ሴልን፣ ቢ ሴልንና ማክሮፌጅን የመሳሰሉ የመከላከያ ሴሎች ይህን ሆርሞን የሚቀበል ተቀባይ አላቸው፤ በላቦራቶሪ ጥናቶችም ብግነትን የሚያባብሱ ኬሚካሎችን ሲቀንስና ሥርዓቱን የሚያረጋጉትን ቲ ሴሎች ሲያጠናክር ታይቷል። ኦቶኢሚዩን ሕመም፣ ማለትም እንደ እኔው ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበት ሕመም ያለባቸው ብዙ ሰዎች በደማቸው ያለው መጠን ዝቅተኛ ሆኖ መገኘቱም እውነት ነው። ይሁን እንጂ ሐኪሜ ያስረዱኝ አንድ ነገር ይህንን እውነት የምመለከትበትን ዓይን ለወጠው። ብግነቱ ራሱ በደም ውስጥ የሚለካውን ቫይታሚን ሊያወርደው ይችላል፤ መገጣጠሚያው የሚያመው ሰው ከቤት መውጣት ስለሚከብደው ፀሐይ አያገኝም፤ ሉፐስ የተባለው ሌላ ኦቶኢሚዩን ሕመም ያለበት ደግሞ ፀሐይ ሕመሙን ስለምትቀሰቅስበት ሆን ብሎ ይሸሻታል። ስለዚህ የቫይታሚኑ ማነስ የሕመሙ መንስኤ ሳይሆን ውጤቱ ሊሆንም ይችላል።

አንድም እንክብል ከመዋጤ በፊት 25 ሃይድሮክሲ ቫይታሚን ዲ የሚባለው የደም ምርመራ ተደረገልኝ፤ ካልሲየምና የኩላሊት ሥራም አብረው ታዩ። ሐኪሜ የኩላሊት ጠጠር ታሞ የሚያውቅ ሰው በቤተሰቤ ይኖር እንደሆነ፣ ሳርኮይዶሲስ የሚባል፣ በሳንባና በሌሎች አካላት ላይ ትናንሽ የብግነት እብጠቶች የሚያወጣ ሕመም እንዳለብኝና ታያዛይድ የተባለውን የደም ግፊት መድኃኒት እወስድ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ እነዚህ ሁሉ ካልሲየም ከልክ እንዲያልፍ ወይም ጉዳት እንዲያደርስ መንገድ የሚከፍቱ ናቸው። የእኔ ውጤት በሚሊ ሊትር 13 ናኖግራም ሆነ፤ ብዙ መመሪያዎች ከ20 በታች የሆነውን እጥረት ይሉታል። መለኪያውን ማስተዋል ያስፈልጋል፤ አንዳንድ ላቦራቶሪዎች ውጤቱን በሊትር በናኖሞል ስለሚጽፉት ያው 13 የነበረው 32 ሆኖ ይመጣል፤ መለኪያውን ያላየ ሰው ደኅና ነኝ ብሎ ወረቀቱን ሊያስቀምጠው ይችላል።

ለ8 ሳምንት በሳምንት አንድ ጊዜ 50,000 ዩኒት፣ ከዚያ በኋላ በየቀኑ 2,000 ዩኒት ታዘዘልኝ። ቫይታሚኑ በስብ ውስጥ የሚሟሟ ስለሆነ ዘይት ወይም ቅቤ ካለበት ዋና ምግብ ጋር መውሰድን ልማድ አደረግሁ። በደም ውስጥ ያለው መጠን የሚለወጠው በዝግታ ስለሆነ ሁለተኛው ምርመራ የተደረገው ሦስት ወር ያህል ቆይቶ ነው።

ማንም ሳይነግረኝ በራሴ የደረስኩበትና ለሌሎች አጥብቄ የምናገረው ድምሩን ነው። ብግነትን በሚያበርደው ስቴሮይድ፣ በፕሬድኒሶሎን ምክንያት አጥንቴ እንዳይሳሳ ካልሲየም ታዝዞልኝ ነበር፤ መልቲቫይታሚንም እወስድ ነበር። አንድ ምሽት ብልቃጦቹን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ጀርባቸውን ሳነብ፣ የካልሲየሙ እንክብል ውስጥም፣ መልቲቫይታሚኑ ውስጥም ቫይታሚን ዲ አለ። አንዱ በዩኒት፣ ሌላው በማይክሮግራም ተጽፏል፤ 1 ማይክሮግራም 40 ዩኒት ነው። ደምሬ ወረቀቱን ለሐኪሜ ወሰድኩት፤ መልቲቫይታሚኑን አስተዉኝ።

ለውጡን በስሜት ብቻ መመዘን አልፈለግሁም። ጠዋት ከእንቅልፌ ስነቃ ጣቶቼ ግትር ብለው የሚቆዩበትን ጊዜ፣ መዳፌን አጥፌ መጨበጥ መቻል አለመቻሌን፣ የሸሚዜን የላይኛ ቁልፍ ያለ ሰው እርዳታ መቆለፌን በማስታወሻ ደብተር እመዘግብ ነበር፤ ሲአርፒ የሚባለው፣ በሰውነት ውስጥ ያለውን ብግነት የሚያሳየው የደም ምርመራ ውጤትም ከጎኑ ይጻፋል። ቫይታሚኑ ወደ 38 ናኖግራም ከፍ ሲል የጭኔና የወገቤ ድብን ያለ ሕመም ቀለለልኝ፤ ደረጃ ስወጣ የሚሰማኝ ድካምም ቀነሰ። ያበጡት የጣቶቼ አንጓዎች ግን እንደነበሩ ነበሩ። እነርሱ የጎደሉትና ሲአርፒው የወረደው የሜቶትሬክሴቱ መጠን ከፍ ከተደረገ በኋላ ነው። ደብተሩ ባይኖር ሁሉንም ለቫይታሚኑ እሰጠው ነበር ብዬ አምናለሁ። ያገኘሁት እፎይታ የእጥረቱ መታከም ነው፤ ይህም ትንሽ ነገር አይደለም።

ታላላቆቹ ጥናቶችም ከዚህ አይርቁም። እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ የታተመው ቫይታል የተሰኘው የአሜሪካ ጥናት 25,871 ሰዎችን ይዞ፣ በቀን 2,000 ዩኒት የወሰዱትን ምንም መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ እንክብል ከወሰዱት ጋር ለ5 ዓመት ያህል አነጻጽሯል፤ አዲስ ኦቶኢሚዩን ሕመም የያዛቸው በመጀመሪያው ወገን 123፣ በሁለተኛው 155 ነበሩ፤ ይህም የ22 በመቶ ቅናሽ ነው። ይህ ግን ገና ያልታመሙትን የመከላከል ጉዳይ እንጂ የታመሙትን የማከም ጉዳይ አይደለም። የመከላከያ ሥርዓቱ የነርቮችን ሽፋን በሚያጠቃበት በመልቲፕል ስክለሮሲስ ላይ ስዕሉ የተደባለቀ ነው፤ ከመደበኛው ሕክምና ጋር በቀን 5,000 ዩኒት የተሰጠበት የአሜሪካ ጥናት ከ600 ዩኒት የተለየ ጥቅም ሲያጣበት፣ እ.ኤ.አ. በ2025 የታተመ የፈረንሳይ ጥናት ደግሞ በየሁለት ሳምንቱ 100,000 ዩኒት በመስጠት፣ ሕመሙ ገና ከጀመራቸው ሰዎች መካከል የሕመሙ እንቅስቃሴ የታየባቸው መድኃኒት የሌለበትን ከወሰዱት 74 በመቶ ሲሆኑ፣ ቫይታሚኑን ከወሰዱት ግን 60 በመቶ ሆነው አግኝቷል። ይህ የሚያስደስት ውጤት ነው፤ የተገኘው ግን በሕክምና ክትትል ሥር ነው።

በቀን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዩኒት በራሳቸው ፈቃድ የሚወስዱ ሰዎች ያሳስቡኛል። ለጤናማ አዋቂ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የተቀመጠው የላይኛ ገደብ በቀን 4,000 ዩኒት ነው። መጠኑ ሲያልፍ ካልሲየም በደም ውስጥ ይከማቻል፤ የማይረካ ጥም፣ ሽንት ማብዛት፣ ማቅለሽለሽ፣ የሆድ ድርቀትና ግራ መጋባት ይከተላሉ፤ ኩላሊትም ሊጎዳ ይችላል። ቫይታሚኑ በስብ ውስጥ ስለሚቀመጥ መውሰዱን ባቆሙ ማግስት ችግሩ አይለቅም።

ታናሽ እህቴ የእኔን ሕመም አይታ እርሷም መጀመር እንዳለባት ጠይቃኛለች። የቫይታል ውጤት ከእኔ ይልቅ ለእርሷ የሚቀርብ ነው፤ ነገር ግን ተሳታፊዎቹ ወንዶቹ ከ50፣ ሴቶቹ ከ55 ዓመት በላይ ነበሩ፤ እንክብሉ ከቆመ በኋላ በተደረገው የ2 ዓመት ክትትልም የቫይታሚን ዲ ጥቅም አልዘለቀም። ይህንኑ ነገርኳት፤ መጠኗን ተመርምራ ከሐኪሟ ጋር እንድትወስን ቀጠሮ ይዛለች።