አንትሮፖሎጂ ለመማር ዩኒቨርሲቲ ሲመረጥ

ደሴ ያለችው የእህቴ ልጅ አንትሮፖሎጂ (የሰውን ማኅበረሰብና ባህል የሚመረምር ትምህርት) ማጥናት እንደምትፈልግ ከተናገረች ወዲህ ቤተሰቡ የሚከራከረው ስለ መንገዱ ርቀትና ስለ ከተማው ስም ነው። እኔ ግን መቅደም ያለበት ጥያቄ የምትመደብበት ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ክፍሉ አለው ወይ የሚለው ይመስለኛል። በእኛ አገር ተማሪ መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፤ ትምህርት ክፍል የሚመርጠው የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶችን ከጨረሰ በኋላ ነው። ከእነዚህ ኮርሶች አንዱ ሶሻል አንትሮፖሎጂ በመሆኑ ትምህርት ክፍሉም በየግቢው ያለ ይመስላል፤ ሶሲዮሎጂ እንጂ አንትሮፖሎጂ የሌለበት ግቢ የደረሰው ተማሪ ግን ምርጫው ገና ሳይጀመር አብቅቷል።

አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳርና ጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች የሶሻል አንትሮፖሎጂ ትምህርት ክፍል አላቸው፤ በዓመቱ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ መቀበል አለመቀበላቸውን ግን አስቀድሞ ማጣራት ይገባል። እኔ የማደላው ለአዲስ አበባ ነው፤ ምንም እንኳ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ማለፍ ቢጠይቅም፣ በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ይገኛሉ።

ከመጻሕፍቱ ይልቅ የሚከብደው የመስክ ጥናቱ ነው። አንትሮፖሎጂስቱ ማሊኖቭስኪ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በፓስፊክ ውቅያኖስ ባሉት የትሮብሪያንድ ደሴቶች ከነዋሪው ጋር ኖሮ፣ ቋንቋውን ተምሮ ካጠና ወዲህ፣ ሙያው የሚለካው ከሰው መካከል ተቀምጦ በማየት ነው። መጠይቅ በትኖ በሳምንት የሚሰበስብ ተማሪ ዲግሪውን ሊያገኝ ይችላል፤ አበጋሮች የሚባሉት የወሎ አስታራቂዎች ደም የተቃቡ ወገኖችን እንዴት እንደሚያስታርቁ፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ (ዕድር) እንዴት እንደሚቀባበሩ፣ ወይም አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው በባቲ የሰኞ ገበያ በምን ቋንቋ እንደሚዋዋሉ ግን በመጠይቅ አይገኝም። (ለእንዲህ ዓይነቱ ጥናት አማርኛ ብቻውን ስለማይበቃ፣ ኦሮምኛ ወይም አፋርኛ የሚማሩበት ዕድል መኖሩም ሊታይ ይገባል።)

ስለዚህ የግቢውን ነባር ተማሪዎች ማነጋገር ከማንኛውም ማስታወቂያ ይሻላል፤ ለመመረቂያ ጽሑፋቸው መስክ ላይ ምን ያህል እንደቆዩ፣ አማካሪያቸው የመስክ ማስታወሻቸውን አንብቦላቸው እንደሆነ፣ ለትራንስፖርት የተሰጣቸው ነገር ካለ ይንገሯት። አዲስ አበባን አንደኛ፣ ባሕር ዳርን ሁለተኛ እንድታደርግ መክሬያታለሁ። እናቷ አሁንም ልጄ ከደሴ አትርቅብኝ እንዳለች ነው።