እሺ ያልሁበት ሰኞ

በአገራችን «እሺ» ከአፍ የማይጠፋ ቃል ነው፤ ነገር ግን «እሺ» የተባለ ሁሉ እሺ ማለት አይደለም። «እሺ፣ ነገ» እንላለን፤ «እሺ፣ እናያለን» እንላለን፤ እኛ ደሴዎች ደግሞ «እሺ፣ ኢንሻአላህ» እንላለን፤ አብዛኛውን ጊዜም የጋበዘንን ሰው ፊት ላለመንሳት እንጂ ለመሄድ አስበን አይደለም። «ኢንሻአላህ» በእውነቱ ከባድ ቃል ነው፤ ቃሉን የተናገረ ሰው በራሱ በኩል ያለውን ሁሉ ፈጽሞ የቀረውን ለፈጣሪ የሚተው መሆን ነበረበት። እኔ ግን ለብዙ ዓመታት የራሴን ድርሻ ሳልጀምር ሁሉንም ለእርሱ እተው ነበር።

የዚህን ዕዳ ያወቅሁት በአንዲት የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ነው። የአምባሰል ልጅ ነበረች፤ ሦስት ዓመት አንድ ዶርም ውስጥ ኖረናል። በየዓመቱ መውሊድ ሲደርስ እናቷ እንደሚጠብቁኝ፣ ማሩም ለእኔ ተብሎ እንደተቀመጠ ትነግረኝ ነበር፤ እኔም በየዓመቱ «እሺ፣ ኢንሻአላህ» እላት ነበር። ከደሴ አምባሰል የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይሞላም። በተመረቅን በዓመቱ እርሷ ቤይሩት ሄደች፤ እናቷም ብዙ ሳይቆዩ አረፉ፤ መርዶውን የሰማሁት ከሁለት ወር በኋላ ነበር። ፊታቸውን ሳላይ፣ ደጃቸውን ሳልረግጥ ቀረሁ። እስከ ዛሬ አምባሰል የሚለውን ስም ስሰማ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ተራራው ሳይሆን ያ የተቀመጠልኝ ማር ነው።

በኅዳር 2007 ለሥራ አዲስ አበባ ቆይቼ ቅዳሜ ቀን ወደ ደሴ ስመለስ ነው ነገሩ የሆነው። መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አውቶቡሱ ሳይነጋ ይነሣል፤ ስለዚህ እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ ተሳፋሪው ሁሉ ጋቢውን ተከናንቦ ያንቀላፋ ነበር። ከጎኔ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት፣ ከመተላለፊያው ማዶ ደግሞ ቦርሳውን ታቅፎ የተቀመጠ ወጣት ነበሩ። ጣርማ በር ደርሰን በጉሙ ውስጥ ጣልያን ወደ ሠራው ዋሻ ስንገባ ሴትዮዋ ሳይታሰብ ክንዴን ያዙኝ። «ይቅርታ ልጄ፣ ጨለማ አልወድም» አሉኝ። ዋሻውን ወጥተን ወደ ደብረ ሲና የሚወስደውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ስንጀምር ገደሉን አዩት፤ ክንዴንም እስከ ታች ድረስ አልለቀቁትም። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ የሚሸጡት ልጃገረዶች አውቶቡሱን ሲከቡት ወጣቱ በሁለት እጁ ሙሉ ገዝቶ «እናቴ፣ እህቴ፣ እንብላ» እያለ አካፈለን፤ ከዚያ በኋላ ሦስታችን አንድ ቤት እንደምንሄድ ሰዎች እናወራ ጀመር።

ሴትዮዋ ከሐዋሳ የመጡ ጡረተኛ ነርስ ነበሩ። እናታቸው በሕይወት ሳሉ ለሐይቅ እስጢፋኖስ ጧፍ ተስለው ሳያደርሱ ስላለፉ ስለቱን ሊያደርሱላቸው ነው የመጡት። ወጣቱ የጅማ ልጅ ነው፤ የመንገድ ቅየሳ ተምሮ ኮምቦልቻ ሥራ አግኝቶ ነበር፤ ማክሰኞ እስኪጀምር ግን በእጁ ሁለት ባዶ ቀኖች ነበሩት። ከሚሴ ስንደርስ ከመስኮቱ በታች ሙዝ የሚሸጡት ሴቶች በኦሮምኛ ሲጠራሩ ሰምቶ ከመቀመጫው ተነሣ። ከተማይቱ በአማራ ክልል የኦሮሞ ልዩ ዞን መቀመጫ መሆኗን ስነግረው ራሱን በመስኮት አውጥቶ ሰላምታ ሰጣቸው፤ እነርሱም የአነጋገሩን ልዩነት ሰምተው ከየት እንደመጣ ጠየቁት። የገዛው ሙዝ ለሁላችንም ተርፎ ነበር።

ኮምቦልቻን አልፈን ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት መውጣት ስንጀምር ነው ሴትዮዋ የጠየቁኝ። «ነገ ሐይቅ ነኝ፤ ሰኞ ደግሞ ገበያው ሳያመልጠኝ ባቲን አይቼ እመለሳለሁ። ይህ ልጅም እሸኛለሁ ብሎኛል። አንቺስ አብረሽን ብትሆኚ?» አሉኝ። «እሺ፣ ኢንሻ…» ብዬ ጀመርሁ፤ ቃሉ ግን አፌ ውስጥ ቆመ፤ ማሩ ታየኝ። ሌላም ነገር ታየኝ። የሙዚቃችን አራት መሠረታዊ ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው፤ ከአራቱ ሁለቱ ስማቸውን የያዙት እኔ ከተወለድሁበት ቤት ደርሶ መልስ በሚያስኬድ ርቀት ላይ ካሉ ቦታዎች ነው። ሠርግ ላይ በባቲ ስጨፍር፣ በአምባሰል ስተክዝ ኖሬ ሁለቱንም አገር አላየሁም ነበር፤ የባቲ ገበያ ሰኞ ነው፣ ሰኞ ደግሞ ሥራ አለ፤ በዚህ ሰበብ ሃያ ሰባት ዓመት አለፈ። ከሐዋሳ የመጡ ሴት ከእኔ አስቀድመው ሊያዩት ነው። «እሺ» አልሁ፤ የሚቀጥለውን ቃል ደግሞ በኋላ፣ የሰኞ ፈቃዴን በስልክ ጠይቄ ከተፈቀደልኝ በኋላ ጨመርሁበት።

ለአዲስ ሰው እሺ ማለት ጥንቃቄን መጣል ነው ብዬ አላምንም፤ በተለይ ሴት ልጅ እንዲህ ብላ ማሰብ የለባትም። እኔ ያደረግሁት ሁለቱንም ወደ ቤታችን መውሰድ ነው። እናቴ ሴትዮዋ ሆቴል ሊያድሩ መሆኑን ስትሰማ ፊቷ ተለዋወጠ፤ «እኔ ቁጭ ብዬ እንግዳ ሆቴል ያድራል?» ብላ ሻንጣቸውን ተቀብላ አስገባች፤ ለወጣቱም የወንድሜን ክፍል ሰጠችው። ከዚያ ቡና ቀረበ። በአቦሉ አገራቸውን፣ ዘመዳቸውንና የመጡበትን ጉዳይ ጠየቀች፤ በቶናው ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ጅማ ቡናና ስለ ወጣቱ እናት ጤንነት ተጨዋወቱ። በረካው ላይ ግን መጠየቅ አቁማ መረቀች፤ «አብሽሩ፣ በሰላም ውላችሁ በሰላም ግቡ» አለች። የእናቴን ሦስት ስኒ ያለፈ ሰው ጋር የትም ቢኬድ አያሰጋም። ይህን የምለው በእርግጠኝነት ነው፤ ምክንያቱም ከዚያ ወዲህ ሁለት ሰዎች በቶናው ላይ ሲወድቁ አይቻለሁ።

እሑድ ጠዋት ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ሐይቅ ሄድን። ገዳሙ ቀድሞ ደሴት በነበረ፣ ዛሬ ከየብስ ጋር በተያያዘ መሬት ላይ ነው ያለው፤ በ13ኛው መቶ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዓ መሪነት ታላቅ የትምህርት ቦታ ሆኖ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ጨምሮ ብዙዎችን ያስተማረ ነው። ሴቶች ግን አይገቡበትም። ሴትዮዋ ይህን አውቀው ነበር የመጡት፤ ከበሩ ርቀው በነጠላቸው ተሸፍነው ሲጸልዩ፣ ጧፉን ተቀብሎ በሩ ላይ ለቆሙት መነኩሴ በሁለት እጁ ያስረከበው የጅማው ሙስሊም ወጣት ነበር። መነኩሴው ስሙን ጠየቁት፤ ነገራቸው፤ በስሙም መረቁት። ለወሎ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ በአንድ ቤት ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን ተጋብተውና ተዋልደው የሚኖሩበት አገር ነው። ለሴትዮዋ ግን አዲስ ነበር፤ ወደ ውኃው ዳር ወርደን ስንቀመጥ የእናታቸው ስለት በማን እጅ እንደደረሰ እየደጋገሙ ይናገሩ ነበር። እኔም በልማድ ብዛት ማየት ያቆምሁትን ነገር በእርሳቸው ዓይን መልሼ አየሁት።

ሰኞ ማለዳ ሹራብ ደርቤ ከደሴ ወጣሁ፤ ኮምቦልቻ ስንደርስ አወለቅሁት፤ ባቲ ስንገባ ደግሞ ነጠላዬም ከበደኝ። በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ወርዶ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል እንደገና ወደ ቆላው የሚወርደውን መንገድ ሰውነቴ ከመጽሐፍ ይልቅ አስተማረኝ። ገበያውም የቆመው ለዚሁ ነው፤ ደገኛው እህልና ቅቤውን፣ አፋሩ ግመልና ፍየሉን፣ የአካባቢው ኦሮሞ ከብቱንና ማሽላውን ይዞ የሚገናኝበት፣ አንዱ አገር ያላበቀለውን ከሌላው የሚሸምትበት ቦታ ነው። ከአቧራው በላይ የግመሎቹ አንገት ይታያል፤ ጊሌ የሚባለውን ጩቤ የታጠቁ የአፋር ወጣቶች ጸጉራቸውን ቅቤ ቀብተው በዝግታ ያልፋሉ፤ ከወዲያ በኩል የበርበሬው ሽታ ያስነጥሳል።

ሴትዮዋ የአፋር ሴቶች የሚሠሩትን የሰሌን ምንጣፍ ወደዱ። ሻጯ አማርኛ አትሰማም፤ እኛም አፋርኛ አንሰማም። ወጣቱ አጠገባችን እህል ትሸጥ የነበረችን እናት በኦሮምኛ ጠየቃት፤ እርሷ ደግሞ አፋርኛ ታውቅ ነበር። ስለዚህ የሐዋሳዋ እናት የሚሰጡት ዋጋ በአማርኛ ተነሥቶ፣ በኦሮምኛ ተሻግሮ፣ በአፋርኛ ይደርስና መልሱ በዚያው መንገድ ይመለስ ነበር። በመካከሉ ቀልድም አብሮ ይጓዛል፤ ሻጯ የተናገረችው ነገር ሁለት ጊዜ ተተርጉሞ እኛ ዘንድ ሲደርስ የምንስቀው እርሷ ስቃ ከጨረሰች በኋላ ነበር፤ እኛን አይታም እንደገና ትስቅ ነበር። ዋጋው ግማሽ ሰዓት ፈጀ፤ የተቀነሰው ጥቂት ብር ነው። ሴትዮዋ ሁለት ምንጣፍ ገዙ፤ አንዱን «ለእናትሽ» ብለው አስያዙኝ። ያን ቀን ባልሄድ ኖሮ ባቲን ለእኔ የሚያስታውሰኝ የክራሩ ድምፅ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር፤ ዛሬ ቅኝቱ ሲመታ የዚያች ሴት ሳቅ አብሮ ይሰማኛል።

የመንገድ ወዳጅነት ለምን እንዲህ ፈጥኖ እንደሚጠነክር ብዙ አስቤበታለሁ። በሰፈሬ ሁሉም ሰው የማን ልጅ እንደሆንሁ፣ ምን እንደምወድና ምን እንደምፈራ አስቀድሞ ያውቃል፤ ስለዚህ የሚጠይቀኝ የለም። መንገደኛ ግን ይጠይቃል፤ እኔም ስመልስ የራሴን መልስ ለመጀመሪያ ጊዜ እሰማዋለሁ። ደግሞም አውቶቡስ ውስጥ ጊዜ አለ፤ ቤት ውስጥ ዘመድ ከዘመድ ተቀምጦ የማያወራውን ያህል ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር ተቀምጦ ያወራል። ከዚያ ወዲህ ባደረግኋቸው ጉዞዎች ያገኘኋቸው ሁሉ ወዳጅ ሆነው አልቀሩም፤ ስልካቸው ዛሬ የማይሠራ፣ ስማቸውንም የረሳሁት አሉ። እነዚያንም እንደ ጠፋ ነገር አልቆጥራቸውም፤ ጎንደር ላይ ዝናብ ሲያገኘን ጃንጥላዋን ያካፈለችኝ ልጅ ለዚያች ሰዓት ሙሉ ወዳጅ ነበረች።

ሁለቱ ግን ቀሩ። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ወደ ደሴ ሲቃረብ እኔና እናቴ እንደ ብዙው ሰው ተሽከርካሪ አጥተን ሐረጎን በእግር ወረድን። እናቴ ከቤት ይዛ የወጣችው ጥቂት ልብስና ያን የባቲ ምንጣፍ ነበር፤ መንገድ ዳር ስንቀመጥ የምናነጥፈው እርሱን ነው። በጭነት መኪና አዲስ አበባ ስንገባ ከመሸ በኋላ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ሥራው ወደ አዲስ አበባ ተዛውሮ የነበረው የጅማው ልጅ ሁለት ብርድ ልብስ ይዞ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። እናቴ በጨለማው ውስጥ ገና ድምፁን ስትሰማ «ልጄ መጣ» ብላ አለቀሰች። በአራተኛው ቀን የሐዋሳዋ እናት ቆሎና የተፈጨ ቡና ተሸክመው መጡ። ስለ ጦርነቱ አልጠየቁንም፤ ምንጣፉን አይተው ዝም ብለው ተቀመጡበት፤ ቡናውንም ራሳቸው አፈሉ፤ ሦስተኛውን ስኒ ሲያቀርቡልን እናቴ እንዳደረገችው መረቁን።

አሁን የሴትዮዋ የመጨረሻ ልጅ ልታገባ ነው። በስልክ ሲነግሩኝ «እሺ» አልኋቸው፤ ስልኩን ሳልዘጋም ፈቃድ የምጠይቅበትን ቀን ጽፌ ያዝሁ። እናቴ ከጓዳ ሆና ትሰማ ነበር። ለሠርጉ የሚላክ በሶ እንደምታዘጋጅ፣ ሐዋሳ ሞቃት ስለሆነ ጋቢ እንደማያስፈልገኝ ስትነግረኝ ቆየችና ድንገት ዝም አለች። በሕይወቷ ሙሉ ሰው ስትሸኝ ኖራለች፤ ከደሴ ርቃ የሄደችው ስትሸሽ ብቻ ነው። እጇን በመቀነቷ እየጠረገች ወጥታ «እኔስ?» አለችኝ። በማግሥቱ ኮምቦልቻ ወርጄ ሁለት የአውሮፕላን ትኬት ቆረጥሁ።