ንፋሱን የሚያመጣው ቬንትሌተር

አዳማ ውስጥ ለሰባተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። ከክፍላችን መስኮት ኮረብታው ላይ የተተከሉት የንፋስ ተርባይኖች ይታያሉ። ስለ ታዳሽ ኃይል ልጀምር ስል «እነዚያ ምን ይሠራሉ?» ብዬ ጠየቅኩ። አንዱ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ «ቲቸር፣ ንፋሱን የሚያመጡት እነሱ ናቸው፤ ትልልቅ ቬንትሌተር ናቸው» አለ። ግማሹ ክፍል ተስማማ። በአዳማ ሙቀት ቬንትሌተር እያየ ላደገ ልጅ መልሱ ያስኬዳል። ያዘጋጀሁትን ማስታወሻ ትቼ ከዚያው ለመነሳት ወሰንኩ።

በቀጣዩ ክፍለ ጊዜ ከአሻንጉሊት መኪና የወጣች ሞተር ይዤ ገባሁ። ከባትሪ ድንጋይ ጋር ሳገናኛት ዞረች፤ ቬንትሌተር ይኸው ነው። «እኛስ ብናዞራት?» አልኩና ሁሉም ግምቱን ደብተሩ ላይ እንዲጽፍ አደረግኩ። ከሃይላንድ ላስቲክ የቆረጥነውን ክንፍ ገጥመን፣ ቀይ ኤልኢዲ (ትንሽ መብራት) አያይዘን መስኮቱ ላይ ያዝናት። ክንፉ ዞረ፤ መብራቱ ግን የለም። 60 ልጅ ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

ጥፋቱ የኔ ነበር፤ ቤት ሳልሞክረው ነው ይዤ የገባሁት። በቴስተር ስንለካው ግማሽ ቮልት እንኳ አይሞላም፤ ቀይ ኤልኢዲ ደግሞ ወደ 2 ቮልት ይፈልጋል። የአሻንጉሊት ሞተር እጅግ ካልፈጠነች ይህን ያህል አትሰጥም። ጥገና ቤቶች ዞሬ ከተበላሸ ፕሪንተር የወጡ አራት ሞተሮች አገኘሁ። እነሱ ያን ያህል ሳይፈጥኑም በቂ ቮልት ያወጣሉ።

ከዚያ በኋላ እጄን ሰበሰብኩ፤ ይህ ከሁሉም ከብዶኛል። አንደኛው ቡድን ክንፉን ልሙጥ አድርጎት ስለነበር አልዞር አለ፤ ራሳቸው ጠምዘዝ ሲያደርጉት ተነሳ። ሌላው ይዞራል፣ አይበራም። ልናገር አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ከኋላ የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ የኤልኢዲውን ሁለት እግሮች አገላብጣ ስታስገባው ቦግ አለ። የክፍሉ ጩኸት ጎረቤት ክፍል ያለውን መምህር አስወጣው። ኤሌክትሪክ በኤልኢዲ ውስጥ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንደሚያልፍ እኔ ብነግራቸው ኖሮ ለፈተና ብቻ ይይዙት ነበር።

«ንጹህ ኃይል» የሚለው ቃልም የገባቸው ያኔ ነው። መብራት ሲጠፋ ሱቅ በር ላይ የሚጮኸው ጄኔሬተርም የሚሠራው በማዞር ነው፤ ልዩነቱ የሚያዞረው የሚነድ ቤንዚን መሆኑ ነው። ጭሱን ሁሉም ያውቀዋል።

ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞርን። እያንዳንዱ ተርባይን 1.5 ሜጋ ዋት ነው፤ «አዳማ አንድ» በሚባለው የንፋስ ኃይል ማመንጫ 34፣ «አዳማ ሁለት» በሚባለው 102 አሉ። ልጆቹ አባዝተው 51 እና 153 ሜጋ ዋት አገኙ። የመጀመሪያው ልጅ እንደገና እጁን አወጣ፤ «ቲቸር፣ ንፋሱ ሲቆምስ?»

ቆቃ ግድብ ቅርባችን ነው። ለሚቀጥለው ሳምንት ባልዲና ባዶ ሃይላንድ ይዘው እንዲመጡ ነግሬያቸዋለሁ።