አልበሪ ላይ የነበረው ኬላ

ሜልበርን ውስጥ ለአውስትራሊያ ዜግነት ፈተና የሚዘጋጁ አበሾችን በአማርኛ አስጠናለሁ። የታሪኩ ክፍል ላይ ስንደርስ አብዛኛው ሰው ቶሎ ማለፍ ይፈልጋል። ስድስት የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ነበሩ፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 1901 አንድ አገር ሆኑ፣ በቃ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

በቀደም አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ ንግሥታቸው አንዲት፣ ቋንቋቸው አንድ። ለየብቻ መኖር ከቻሉ ምን አስቸኮላቸው?»

እኔ አፌን ሳልከፍት ከኋላ የተቀመጠ የጭነት መኪና ሾፌር ቀደመኝ። ሲድኒ ነው የሚመላለሰው። «እማማ፣ እኔ አልበሪን ሳልፍ ማንም አያስቆመኝም። ያኔ ግን ኬላ ነበረ እንዴ?»

ነበረ! አልበሪ ሜልበርን ያለችበት ቪክቶሪያና ሲድኒ ያለችበት ኒው ሳውዝ ዌልስ የሚገናኙባት ከተማ ናት፣ ድንበሩ የመሬይ ወንዝ ነው። ቪክቶሪያ ፋብሪካዎቿን ለመጠበቅ ከፍ ያለ ቀረጥ ትጥላለች፣ ማዶ ያለችው ኒው ሳውዝ ዌልስ ደግሞ ወደ ነፃ ንግድ ታደላለች፣ ስለዚህ ወንዝ ተሻግሮ ለሚሸጥ ከብት ሳይቀር ይከፈልበታል። ባቡሩም ያው ነው። የሁለቱ ሀዲድ በ1883 አልበሪ ላይ ተገናኘ፣ ግን የቪክቶሪያው ስፋት 1,600 ሚሊ ሜትር፣ የኒው ሳውዝ ዌልሱ 1,435። ተሳፋሪው ሻንጣውን ይዞ ይወርዳል፣ ሌላ ባቡር ይሳፈራል። ጭነቱ ይራገፋል፣ እንደገና ይጫናል። ሾፌሩ ይህን ሲሰማ ራሱን ያዘ። አንድ አገር ከሆኑ በኋላ እንኳ በዚህ መስመር ያለ ባቡር ለውጥ መሄድ የተቻለው በ1962 ነው።

ፍርሃትም ነበረ። በ1884 ጀርመን ከአፍንጫቸው ሥር ኒው ጊኒ ላይ ሰፈረች። በ1889 አንድ የእንግሊዝ ጄኔራል መከላከያቸውን ገምግሞ ተባበሩ አላቸው፣ በዚያው ዓመት የኒው ሳውዝ ዌልስ መሪ ሄንሪ ፓርክስ ቴንተርፊልድ ከተማ ላይ ስለ አንድነት ተናገረ። ፖለቲከኞቹ ግን ነገሩን አጓተቱት። እንደገና ነፍስ የዘራበት በ1893 ኮሮዋ ላይ የተደረገው ስብሰባ ነው፤ ሕገ መንግሥቱን የሚያረቁትን ሕዝቡ ይምረጥ፣ ረቂቁንም ሕዝቡ ራሱ በድምፅ ይወስን የሚል ሐሳብ የወጣው እዚያ ነው። ኮሮዋ ደግሞ እዚያው መሬይ ዳር ያለች ከተማ ናት። እኔ በበኩሌ ኬላው በየቀኑ ያስመረራቸው ሰዎች ባይገፉት ኖሮ ነገሩ እንዲሁ ይጓተት ነበር ባይ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ትምህርቱን ከአልበሪ ነው የምጀምረው።

«ትንንሾቹስ አይዋጡም?» አሉ እኚያው እናት። ዋናው ጭቅጭቅ እሱ ነበር። ለዚህ ነው ትንሿ ታዝማኒያ ሴኔት በሚባለው የፓርላማው ላይኛ ምክር ቤት ውስጥ ከኒው ሳውዝ ዌልስ እኩል 6 መቀመጫ ያገኘችው። ምዕራብ አውስትራሊያም በመጨረሻ ሰዓት የገባችው ለ5 ዓመት የራሷን ቀረጥ እንድታስከፍል ተፈቅዶላት ነው። ኒው ዚላንድ ውይይቱን ብትሳተፍም አልገባም ብላ ቀረች።

እናታችን አልጨረሱም። «የአገሩ ጥንታዊ ባለቤቶችስ ተጠየቁ?»

ከጥቂቶች በቀር አልተጠየቁም። እንዲያውም የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 127 የአገሩ ሕዝብ ሲቆጠር አቦርጂኖች እንዳይቆጠሩ ይል ነበር። ስድስቱ ስለ ቀረጥና ስለ ወንበር ያን ሁሉ ዓመት ሲደራደሩ የእነሱን ነገር በአንዲት አንቀጽ ዘጉት፤ እኔን ይህ ያንገበግበኛል። አንቀጹ የተሰረዘው በ1967 ሕዝበ ውሳኔ ነው፣ ከ90 በመቶ በላይ ድምፅ ሰጪ ይሰረዝ ብሎ። ሰዓት ቢያልቅብኝም ይህን ሳልናገር ክፍሉን አልለቅም።