እማዬ ዛሬ ፈረመች
ዛሬ እማዬን ይዤ ዶክተር ጋ ሄድኩ፣ እዚሁ ሜሪላንድ። የመርሳት በሽታዋ ገና ጅምር ነው፣ አንዳንዴ በወንድሜ ስም ትጠራኛለች እንጂ ቀልዷ እንዳለ ነው። ዶክተሯ "አሁን ገና ራሷ መወሰን እየቻለች፣ በኋላ ማን እንደሚወስንላት ትፈርም" አለች። እኔ ሟርት መስሎኝ ለመተርጎም አፌ ተያዘ፣ ቀጠሮ ላራዝም ሁላ አስቤ ነበር። እማዬ ግን ገብቷት "ምን ያንተባትብሃል፣ መዋጥ ካቃተኝ ሆዴን በስታችሁ ቱቦ እንዳትከቱብኝ፣ ቄስ ጥሩልኝ" ብላ ገላገለችኝ 😅 በኋላ የምትወስንላት ወኪሏ እህቴ ናት (እማዬ እኔን "አንተማ ታለቅሳለህ" አለችኝ፣ እውነቷን ነው)። ኖተሪ (ፊርማ የሚያረጋግጥ ሰው) ምናምን አያስፈልግም፣ ሁለት ምስክር ይበቃል፣ ወኪሏ ራሷ ግን ምስክር መሆን አትችልም። ስለዚህ ማታ ጎረቤቶቻችንን ቡና ጠርተን ፈረሙልን፣ ስኳሩን እማዬ ጨመረችልን፣ ሁለቴ።