ሀዋሳ ላይ መብራት በሄደ ቁጥር ሜሞሪ የሚበላብንን ሶፍትዌር እንዴት እንዳስተካከልኩት

ይሄን የምጽፈው ሰርቨር ላይ ለምትሰሩ ልጆች ይጠቅማል ብዬ ነው፣ በተለይ እንደኛ መብራትና ኔትወርክ ቶሎ ቶሎ በሚቆራረጥበት አካባቢ ለምትሰሩ። ዋናው ሰርቨራችን እዚሁ ሀዋሳ ነው፣ ቅርንጫፎቹ ሻሸመኔ፣ ይርጋለም፣ አለታ ወንዶና ዲላ አሉ፣ እያንዳንዳቸው ጋ አንዳንድ ትንንሽ ሰርቨር ተቀምጧል። እነሱን ከአንድ ቦታ የምንቆጣጠርበት ጎ (Go) በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር አለን፣ ቅርንጫፍ ላይ ያለው ኤጀንት ሲፒዩ ስንት ደረሰ ዲስክ ሞላ አልሞላ እያለ ይልካል፣ ዋናው ተቀብሎ ግራፍ ይሰራል፣ ችግር ካለ ደግሞ ያሳውቀናል።

ችግሩ ግን ይሄ ዋናው ፕሮሰስ ሜሞሪ እየበላ እየበላ ይሄድና መጨረሻ ላይ ሜሞሪ ሲያልቅ ፕሮሰስ መርጦ የሚገድለው የሊኑክስ ኦኦኤም ኪለር ይገድለዋል። እሱ ሲሞት ደግሞ ቅርንጫፍ ላይ ሰርቨር ቢወድቅ የሚነግረን የለም፣ ደንበኛ ወረፋ ይዞ ቆሞ ገንዘብ ያዧ ስትደውል ነው የምንሰማው። ይሄ በጣም ያናድደኝ ነበር።

መጀመሪያ እውነት ሊክ (ፕሮግራሙ የያዘውን ሜሞሪ ሳይለቅ መቅረቱ) መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ፍሪ የሚለውን ኮማንድ አስገብቶ ነጻው ሜሞሪ ትንሽ ሲሆንበት ይደነግጣል፣ ግን ሊኑክስ ስራ ያልያዘውን ሜሞሪ ለፋይል ካሽ ይጠቀምበታል፣ ሲፈለግ ይለቀዋል። መታየት ያለበት አቬይላብል የሚለው ቁጥርና የፕሮሰሱ የራሱ አርኤስኤስ (ራም ላይ የያዘው መጠን) ነው። እኔ በክሮን (ስራን በሰዓቱ በሚያስነሳው) በየ5 ደቂቃው አርኤስኤሱን ፋይል ላይ እንዲመዘግብ አደረግኩና ተውኩት።

ባልደረባዬ «ለምን ማታ ማታ ሪስታርት አናደርገውም?» አለኝ፣ ብዙ ቦታ የሚደረገውም እሱ ነው፣ እኔ ግን አልተዋጠልኝም ምክንያቱም አንዳንዴ ሳምንት ሙሉ ምንም ሳይል ይቆያል አንዳንዴ ደግሞ በአንድ ቀን ያብጣል፣ እንደዚህ የሚሆን ነገር የማታ ሪስታርት አይጠብቅም። ከጎ 1.19 ጀምሮ ያለውን ጎሜምሊሚት የሚባለውን የሜሞሪ ገደብም ሞከርን፣ እሱ ሶፍት ሊሚት ነው፣ ጋርቤጅ ኮሌክተሩን (የማያስፈልግ ሜሞሪ የሚያጸዳውን) ቶሎ ቶሎ ያሰራዋል እንጂ ፕሮግራሙ ራሱ አልለቅም ብሎ የያዘውን ነገር ሊያስለቅቀው አይችልም። ሲፒዩው ጨመረ፣ ሜሞሪው ያው።

ፋይሉን ወደ ግራፍ ስቀይረው ነው ነገሩ የገባኝ። ቀስ እያለ የሚወጣ መስመር ነበር የጠበቅኩት፣ እሱ ግን ረጅም ሰዓት ጠፍጣፋ ይሄድና ድንገት አንድ እርከን ይወጣል፣ ከዛ ደሞ ጠፍጣፋ። ስለዚህ ሜሞሪውን የሚጨምረው ጊዜ አይደለም፣ የሆነ የሚከሰት ነገር አለ ማለት ነው። ክረምት ገብቶ ስለነበር መብራት ጠረጠርኩ፣ ይርጋለም ቅርንጫፍ ጥበቃው ጋ ደወልኩ፣ «ጋሼ ሰሞኑን መብራት መቼ መቼ ነው የሄደው?» ስላቸው «እሱን በምን አስታውሼ ልጄ፣ ግን ጄኔሬተር ያስነሳሁበት ሰዓት ለነዳጁ ሂሳብ መዝገብ ላይ አለ» አሉኝ። ገንዘብ ያዧ መዝገቡን ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ላከችልኝ። ሰርቨሩ ከኛ 3 ሰዓት ወደኋላ በሆነው በዩቲሲ ስለሚቆጥር መዝገቡ ላይ ከቀኑ 8 ሰዓት (14:00) የተባለውን 11:00 እያልኩ ከግራፉ ጋር አንድ በአንድ አመሳከርኩ፣ ገጠመ! የቅርንጫፉ ዩፒኤስ ባትሪው ስለደከመ ጄኔሬተር እስኪነሳ አይቆይም፣ ሰርቨሩ ቀጥ ይልና እንደገና ይነሳል፣ በዛው ቅጽበት አካባቢ እኛ ጋ አንድ እርከን ይጨምራል። ከዛ መዝገብ የበለጠ የረዳኝ ምንም ቱል የለም፣ ከልቤ ነው።

ከዚህ በኋላ ኮዱ ውስጥ የት እንደሚፈለግ ይታወቃል። ፒፕሮፍ የሚባለውን የጎ መመርመሪያ ከፍቼ የጎሩቲን (ጎ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄድ ስራ) ዝርዝሩን በዲበግ 2 አወጣሁት፣ እሱ እያንዳንዱ ጎሩቲን ምን እየጠበቀ እንደሆነና ስንት ደቂቃ እንደጠበቀ ይጽፍላችኋል። ቅርንጫፎቹ በጣት የሚቆጠሩ ሆነው ቻን ሪሲቭ ላይ (ጎሩቲኖች መረጃ ከሚቀባበሉበት ቻናል እንዲመጣላቸው እየጠበቁ) ተገትረው ከሺህ ደቂቃ በላይ የጠበቁ ጎሩቲኖች መዓት ናቸው። አንድ ጎሩቲን ሲጀምር ስታኩ 2 ኪሎባይት ብቻ ስለሆነ በራሱ ምንም አይደለም፣ ግን እነዚህ እያንዳንዳቸው የግራፉን ታሪክ የሚያስቀምጥ ትልቅ ስላይስ (የመረጃ ዝርዝር) ይዘዋል፣ የቆመ ጎሩቲን የያዘውን ደግሞ ጋርቤጅ ኮሌክተሩ አይነካውም።

ኮዱ እንዲህ ነው የሚሰራው። ለአንድ ኮኔክሽን ሁለት ጎሩቲን ይነሳል፣ አንዱ ከሶኬቱ (ከኔትወርክ ግንኙነቱ ጫፍ) ያነባል፣ ሌላው ከቻናሉ ተቀብሎ ያስቀምጣል። አንባቢው ኢኦኤፍ (መረጃው አለቀ የሚል ምልክት) ካገኘ ቻናሉን ይዘጋል፣ ተቀባዩም ይወጣል፣ ጥሩ። ሌላ ኤረር ካገኘ ግን ሎግ ላይ ጽፎ በቃ ሪተርን፣ ቻናሉ ክፍት፣ ተቀባዩ ለዘላለም ይጠብቃል። ኤጀንቱን ኪል ብታደርጉት ከርነሉ (የሊኑክሱ እምብርት) ሶኬቱን በስርዓት ስለሚዘጋው ኢኦኤፍ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ በዚህ መንገድ ቴስት ያደረገ ሰው ምንም አያይም። መብራት ሲሄድ ግን ደህና ሁን የሚል ፓኬት የለም፣ ዋናው ሰርቨር ላይ በኪፕአላይቭ (ወዲያኛው ወገን አለ ወይ እያለ በሚጠይቀው) ታይምአውት ነው የሚታወቀው፣ እሱ ደግሞ ኢኦኤፍ አይደለም። ወይም ቅርንጫፉ ቶሎ ከተነሳ ከርነሉ የማያውቀው ኮኔክሽን ላይ ፓኬት ሲመጣበት ሪሴት ይመልሳል፣ እሱም ኢኦኤፍ አይደለም።

ማስተካከያው አንድ መስመር ነው፣ ቻናሉን መዝጋቱን በዲፈር (ፈንክሽኑ በየትኛውም መንገድ ሲወጣ በሚሰራው) የአንባቢው ፈንክሽን መጀመሪያ ላይ አደረግኩት፣ ኢኦኤፉ ጋ የነበረውን አወጣሁት ምክንያቱም ሁለቴ የተዘጋ ቻናል ፓኒክ (ፕሮግራሙን የሚጥል ስህተት) ያመጣል። ለመፈተን ኤጀንቱን አልገደልኩም፣ በአይፒቴብልስ (በሊኑክስ ፋየርዎል) ፓኬቶቹን ድሮፕ አድርጌ ታይምአውቱ እስኪያልቅ ጠበቅኩ፣ በድሮው ኮድ ጎሩቲኑ ይቀራል በአዲሱ ይወጣል። ይሄንኑ ሳይወጡ የቀሩ ጎሩቲኖችን በሚይዘው ጎሊክ በሚባለው ላይብረሪ አውቶማቲክ ቴስት አድርጌ ከፓቹ ጋር ለሶፍትዌሩ ባለቤቶች ልኬዋለሁ።

አሁን መብራት ይሄዳል ይመጣል፣ አርኤስኤሱ ጠፍጣፋ ነው። የጎሩቲን ቁጥሩንም ከሜሞሪው ጎን ግራፍ ላይ አስገባሁት፣ ሲስተምዲ ላይ ያስቀመጥኩትን ሜሞሪማክስ የሚባል የሜሞሪ ገደብም አላነሳሁትም። ፒፕሮፍ የምትከፍቱ ልጆች 127.0.0.1 (ሰርቨሩ ራሱ) ላይ ብቻ አድርጉትና በኤስኤስኤች ታነል ግቡ፣ ኢንተርኔት ላይ ክፍት ከተዋችሁት የፕሮግራሙን የውስጥ ሁኔታ ማንም ያየዋል።