የሌለ ሕዝብ እያስፈጠርኩ ባህል ሳስተምር

የሰባተኛ ክፍል የማኅበራዊ ጥናት መምህር ነኝ። ሰሞኑን ተማሪዎቼ የሠሩት ሥራ በጣም ስላስደሰተኝ ለእናንተ ለመምህራን ላካፍል።

አሠራሩ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ቡድን በዓለም ላይ የሌለ ሕዝብ ይፈጥራል። ሰላምታውን፣ ሠርጉን፣ ለቅሶውን ይወስናል። ከዚያ አንዱ ቡድን ሌላው ዘንድ በእንግድነት ይሄዳል። የእንግድነቱን ሐሳብ ያገኘሁት ጋሪ ሸርትስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ካዘጋጀው «ባፋ ባፋ» ከተባለ ጨዋታ ነው። እዚያ አልፋና ቤታ የሚባሉ ሁለት ማኅበረሰቦች ደንባቸውን ሳይገላለጹ እንግዳ ይላላካሉ።

አላላውስ ያለኝ ፈጠራው ነበር። ልጆቹ ይዘው የሚመጡት ልብስ፣ ባንዲራና ጭፈራ ብቻ ነው። «ለምን እንዲህ ያደርጋሉ?» ስላቸው «ባህላቸው ነዋ!» ይሉኛል። ነገሩ እዚያው ላይ ይቆማል። በልጆቹ አልፈርድም። የባህል ቀን በተባለ ቁጥር የሚያዩት ይህንኑ ነው። እንዲህ ያለው የባህል ቀን ቢቀር ይሻላል ባይ ነኝ።

መውጫ የሆነኝ የአፋሮች ዳጉ ነው። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቆመው ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ። ዝናብ የት ጣለ? ግጦሹ እንዴት ነው? መንገዱ ሰላም ነው? ከብት ይዞ በረሃ ለሚያቋርጥ ሰው ይህ ወሬ የህልውና ጉዳይ ነው። ለዚህም ነው ውሸት ማቀበል ትልቅ ነውር የሆነው። ይህን ካስተማርኩ በኋላ ደንብ አወጣሁ፦ ቡድኑ መጀመሪያ መሬቱንና ችግሩን ይወስናል፤ ልማዱ ከዚያ ይወጣል። ልብስ መጨረሻ ላይ ነው።

ለውጡ ወዲያው ታየ። አንዱ ቡድን ምንጭ በሌለው ተራራ ላይ ሰፈረ። እዚያ እንግዳ የራሱን ውሃ ይዞ መጥቶ ከባለቤቱ እንስራ ላይ ይጨምራል። የሌላው ቡድን ልጆች ባዶ እጃቸውን ገቡ። ማንም አላናገራቸውም። «ኩራተኞች ናቸው» ብለው ወጡ። ምክንያቱን ሲሰሙ አንዲት ልጅ «እኛስ ቤት እንግዳ ቡናውን ሳይጠጣ ቢሄድ እናቴ አትቀየምም?» አለች። ክርክሩ እስኪደወል አላባራም።

ልትሞክሩት ካሰባችሁ፣ እባካችሁ በእውነት ያለ ሕዝብ እንዲመስሉ አትፍቀዱ። ልጆች ሳያስቡት ወደ ማላገጥ ይሄዳሉ፤ ከእነሱ መሃል የሚከፋ ልጅ አይጠፋም።

ማርክ አሰጣጡ ላይ ገና ነኝ። አሁን የምሰጠው ለልማዱ ላቀረቡት ምክንያት ነው። ዝምተኞቹ ግን ይጎዱብኛል፤ በጽሑፍ ልጠይቃቸው ስል ደግሞ የቡድኑ ሙቀት ይጠፋል። የተሻለ ዘዴ ያላችሁ ንገሩኝ።